ስለ ግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት ለሚደረግ ክርክር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

«ግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት ይኑር ወይስ አይኑር?» የሚል ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው «አገር መውደድ» እና «ነፃነት» የሚሉ ቃላትን ወደ መወራወር ይወርዳል። ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለምና። አንዱ በልቡ ስዊዘርላንድን ይዞ ይናገራል፣ ሌላው ኤርትራን። ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት የምትደግፉትን ወይም የምትቃወሙትን አገልግሎት በወረቀት ላይ ቅርጽ አስይዙት። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ገጽ ውሰዱና አምስት ጥያቄዎች ጻፉ፦ ማን ይጠራል? ለምን ያህል ጊዜ? ምን ይሠራል? ማን ይቀራል? መቼ ይሰናበታል?

ማን ይጠራል

ኖርዌይ ከ2015 ጀምሮ ሴቶችንም በግዴታው አካትታለች፤ ሆኖም በዕድሜ ከሚደርሱት ውስጥ የምትወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስዊድን በ2010 ያቆመችውን አገልግሎት በ2017 ስትመልስ የተከተለችው ይህንኑ መንገድ ነው። ታይላንድ ዕጣ ታስወጣለች፦ ቀይ ካርድ የደረሰው ይገባል፣ ጥቁር የደረሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የጤና ምርመራውን ያለፉ ወንዶችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትጠራለች። አራቱም «ግዴታ» ይባላሉ። «ወጣቱ ሁሉ ዕድሜውን ያጣል» የሚለው መከራከሪያ ኮሪያ ላይ ይሠራል፣ ስዊድን ላይ ግን አይሠራም።

ለምን ያህል ጊዜ

በኦስትሪያ 6 ወር፣ በፊንላንድ እንደ ሥራው ዓይነት 165፣ 255 ወይም 347 ቀን፣ በደቡብ ኮሪያ ምድር ጦር 18 ወር፣ በሲንጋፖር 2 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ አሮጌ ቁጥር መጥቀስ ነው፤ ታይዋን በ2024 ከ4 ወር ወደ 1 ዓመት አሳድጋለች፣ ስለዚህ የምታነቡት ጽሑፍ የወጣበትን ዓመት ሳታዩ ቁጥሩን አትውሰዱ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሥልጠና በኋላ ያለውን መርሳት ነው። የስዊዘርላንድ ምልምል 18 ሳምንት ሠልጥኖ የሚገላገል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይገላገልም፤ በየጊዜው ለማደሻ ሥልጠና እየተጠራ በድምሩ 245 ቀን ያገለግላል።

መቼ ይሰናበታል

ከአምስቱ ጥያቄዎች ክርክር የሚያሸንፈው ይሄኛው ነው፤ የሚዘለለውም ይሄኛው ነው። በ1995 የወጣው የኤርትራ አዋጅ አገልግሎቱን 18 ወር ይለዋል፦ 6 ወር ሥልጠና፣ 12 ወር ሥራ። ከ1998ቱ የድንበር ጦርነት ወዲህ ግን የማሰናበቻው ቀን ጠፋ፣ ብዙዎችም ዓመታትን ቆጠሩ። አዋጁን ብቻ ያነበበ ሰው ከኮሪያ ጋር እኩል ነው ሊል ይችላል። በ1975 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ጦርነቱ ሲከፋና ቀበሌዎች ኮታ መሙላት ሲያቅታቸው ነገሩ አፈሳ ሆነ፤ ሕዝቡም የሚያስታውሰው አዋጁን ሳይሆን አፈሳውን ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አገር ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፦ ሕጉ የሚለውና በተግባር የሚሆነው። ደጋፊ ከሆናችሁ የመሰናበቻውን ቀን የሚያስከብር አካል በሐሳባችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ፍርድ ቤት ወይም ምክር ቤት ሊሆን ይችላል። ያለዚያ ተቃዋሚው የሚመታችሁ በዚሁ ነው።

ወጪውን ማስላት

የምልምል ደመወዝ ትንሽ ስለሆነ ሠራዊቱ ርካሽ ይመስላል። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ከበጀት ወደ ወጣቱ ኪስ ዞሯል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሚልተን ፍሪድማን ይህን በዓይነት የሚከፈል ግብር ይለው ነበር፤ እሱ የነበረበት ኮሚሽን በ1970 አሜሪካ ወደ በጎ ፈቃድ ሠራዊት እንድትሸጋገር ሐሳብ አቀረበ፣ ግዴታውም በ1973 ቀረ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወጣቱ ውጭ ቢሆን በወር ሊያገኝ ከሚችለው ገቢ ላይ የኪስ አበሉን ቀንሱ፣ በወራት ቁጥር አባዙ፣ ከዚያ በምልምሎች ብዛት። ገቢው 8,000፣ አበሉ 2,000፣ አገልግሎቱ 12 ወር፣ ምልምሎቹ 10,000 ቢሆኑ በዓመት 720 ሚሊዮን ከወጣቶቹ ተወስዷል ማለት ነው። የአሠልጣኝ፣ የጦር ሰፈርና የቀለብ ወጪ ለብቻው ይደመራል። ሥራ አጥነት ባየለበት አገር 8,000ውን ዝቅ አድርጉ፤ ያለበለዚያ ተቃራኒው ወገን ሥራ የሌለውን ሰው ደመወዝ አስልታችኋል ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ለዚህ የደጋፊው ጠንካራ መልስ ፊንላንድ ናት። 5.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ ለጦርነት ጊዜ 280,000 ወታደር ማሰለፍ የምትችለው በተጠባባቂ ጦሯ ነው። ይህን ያህል ቋሚ ወታደር በደመወዝ ማኖር ለትንሽ አገር የሚታሰብ አይደለም።

«ሥነ ሥርዓት ያስተምራል» የሚለው

ከደጋፊዎች መከራከሪያዎች ደካማው ይህ ነው። ያገለገሉትን ካላገለገሉት ጋር በቀጥታ ማወዳደር አያዋጣም፤ ጦሩ ጤነኞቹን መርጦ ስለሚወስድ ልዩነቱ ከመጀመሪያም የነበረ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ማነጻጸሪያ የሚገኘው ዕጣ በነበረባቸው አገሮች ነው። በአርጀንቲና በመታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ዕጣ ይወጣ ነበር፤ በዚህ ላይ የተደረገው ጥናት ያገለገሉት በኋላ ወንጀል ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ጨምሮ አግኝቶታል። በአሜሪካም የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆሹዋ አንግሪስት በውትድርና ዕጣው ተመርኩዞ በ1990 ባወጣው ጥናት የቬትናም ዘመን ነጭ ዘማቾች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካልዘመቱ እኩዮቻቸው 15 በመቶ ገደማ ያነሰ ገቢ ነበራቸው። ይህን ስትጠቅሱ የጦርነት ጊዜ መሆኑን አብራችሁ ተናገሩ፤ ለሰላም ጊዜ የ6 ወር ሥልጠና አይሆንም።

ዕጣም ሊበላሽ ይችላል። በታኅሣሥ 1969 የአሜሪካው ዕጣ ሲወጣ የልደት ቀን የያዙት 366 ጥቅልሎች በደንብ አልተደባለቁም ነበርና በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት ቀድመው የመጠራት ዕድላቸው በዛ። ዕጣ የምታቀርቡ ከሆነ እንዴት እንደሚወጣም ተናገሩ።

ሕሊና እና የጉልበት ሥራ

እምነቱ ወይም ሕሊናው መሣሪያ ማንሳትን የማይፈቅድለትን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? መልስ ሳይዙ መድረክ መውጣት አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ1993 መሣሪያ ለማንሳት እምቢ የማለት መብት ከሕሊና ነፃነት እንደሚመነጭ ተናግሯል፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2011 በአርመን ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ሳይቀር ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ ስለሚሰጠው አገልግሎት ይጠቅሳል። የሚያከራክረው የምትኩ ርዝመት ነው። ኦስትሪያ ከ6 ወር ይልቅ 9፣ ስዊዘርላንድ አንድ ጊዜ ተኩል፣ ደቡብ ኮሪያ ደግሞ 36 ወር ማረሚያ ቤት ውስጥ እየሠሩ ታደርጋለች። ዘጠኙ ወር የሰውየውን እውነተኛነት መፈተኛ ነው ሊባል ይችላል፤ ሠላሳ ስድስቱ ቅጣት ይመስላል።

ደጋፊዎች «መንገድ ይሠራሉ፣ ዛፍ ይተክላሉ» ማለት ይወዳሉ። ወጥመድ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 29 (1930) የግዴታ ውትድርናን ከግዳጅ ሥራ ክልከላ ነፃ የሚያደርገው ሥራው ወታደራዊ ብቻ ሲሆን ነው፤ ቁጥር 105 (1957) ደግሞ ሰውን ለኢኮኖሚ ልማት በግዳጅ ማሠራትን ይከለክላል። የልማት ሥራ ማካተት ከፈለጋችሁ ወጣቱ በፈቃዱ የሚመርጠው አድርጉት።

ማን ይቀራል

ለእያንዳንዱ ነፃ መሆኛ «ማን ይጠቀማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ግብፅ አንድያ ልጅ የሆነን ወንድ ትተዋለች፤ ይህን ማንም አይቃወምም። ቱርክ በ2019 ሕጓ ገንዘብ የከፈለ ሰው በአንድ ወር ሥልጠና እንዲወጣ ትፈቅዳለች፤ ይህ ሀብታሙን ይለያል። በእስራኤል የአክራሪ ኦርቶዶክስ አይሁድ የሃይማኖት ተማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ሳይጠሩ ኖረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 መጠራት አለባቸው ብሎ ወሰነ።

ንግግሩ

ሰባት ደቂቃ ከተሰጣችሁ አንዱን ደቂቃ ለአምስቱ ጥያቄዎች መልስ አውሉት፣ አራቱን ለሁለት ነጥቦች፣ ሁለቱን ለተቃራኒው ወገን መልስ ለመስጠት። ሦስተኛ ነጥብ አትጨምሩ፤ ሁለቱን ያሳጥርባችኋል። «ዓለም ትቶታል» አትበሉ፤ ሊትዌኒያ በ2015፣ ላትቪያ በ2024 መልሰውታል። «ዓለም እየተመለሰበት ነው» ማለትም ያው ነው፤ ብሪታንያና ፈረንሳይ ካቆሙ ቆይተዋል። የበጎ ፈቃድ ሠራዊት የድሃ ልጆች ሠራዊት ይሆናል የሚለው ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣል፤ ተቃዋሚ ከሆናችሁ የደመወዝና የትምህርት ዕድል ሐሳባችሁን በቁጥር ይዛችሁ ጠብቁ።