የሞላ ቆሻሻ መጣያ እንዴት ይዘጋል?

በሞላ የቆሻሻ ክምር ላይ አፈር ስለተደፋና ሣር ስለበቀለ ብቻ መጣያው ተዘጋ አይባልም። ከአፈሩ ሥር ያለው ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት ይበሰብሳል። እየበሰበሰ ይሰምጣል፣ ሚቴን ጋዝ ያወጣል፣ የሰረገበትን የዝናብ ውሃ ደግሞ ጥቁር መርዛማ ፍሳሽ አድርጎ ወደ ከርሰ ምድር ያወርዳል። የመዝጊያ ሥራ ሁሉ የሚያነጣጥረው ውሃው እንዳይገባ፣ ጋዙ እንዲወጣና ክምሩ እንዳይናድ ነው።

የመጨረሻው ቸል ሲባል ምን እንደሚመጣ አዲስ አበባ አይታለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ (ረጲ) ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀብሯል፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለተቃወሙ ግን አዲሱ መጣያ በወራት ውስጥ ሥራ አቁሞ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሷል። ስለዚህ የመዝጊያው የመጀመሪያ መስፈርት ከአፈር ጋር አይያያዝም። ቀጣዩ መጣያ ተዘጋጅቶ፣ በዙሪያው ካለው ሕዝብ ጋር ስምምነት ተደርሶበት ሥራ እስኪጀምር ድረስ አሮጌውን አትዝጉ። ከክምሩ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው የሚያድሩ ሰዎችም በሩ ከመዘጋቱ በፊት መተዳደሪያ ሊበጅላቸው ይገባል። ካልሆነ አጥሩ ይቀደዳል፤ የለበሰው አፈርም ይቆፈራል።

ጊዜውን በክረምቱ ለኩ

ብዙ አገሮች ምሳሌ የሚያደርጉት የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የመጨረሻው ጭነት ከተራገፈ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መዝጋት እንዲጀመር፣ ከተጀመረ በኋላም በ180 ቀን እንዲያልቅ ያዛል። ድምሩ ሰባት ወር ነው። ለኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ይህ ልክ ይገጥማል፤ የመጨረሻው ጭነት በመስከረም መጨረሻ ከገባ ሥራው በሚያዝያ መጨረሻ ይጠናቀቃል። ግማሽ የለበሰ ክምር ሐምሌን ከተቀበለ የተደለደለው አፈር በጎርፍ ይሄዳል፤ የወጣውም ገንዘብ አብሮ።

ክምሩን አስተካክሉ

ቀያሽ አስመጥታችሁ የክምሩን ቅርጽና ከፍታ አስለኩ። ጎኑ ከ1 ለ 3 በላይ ቀጥ ማለት የለበትም፤ ማለትም 1 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ጎን መሄድ አለበት። 1 ለ 4 ቢሆን የተሻለ ነው። ቀጥ ያለውን ጎን ዶዘር ከላይ ወደ ታች እየቆረጠ ያስተኛዋል። ከሥር መቁረጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የክምሩን እግር መንካት ላዩን ወደ ታች መጥራት ነው። በዚህ ወቅት ከክምሩ ግርጌ ሰው መኖርም ማደርም የለበትም።

በየ6 እስከ 10 ሜትር ከፍታው እርከን ይውጣለት። የእርከኑ ወለል ወደ ክምሩ ያዘነብላል፤ በውስጠኛው ጠርዝ የሚሄደው ቦይም ውሃውን ሰብስቦ ወደ ዋናው መውረጃ ያደርሳል። አናቱ ሜዳ መሆን የለበትም፤ 5 በመቶ ተዳፋት ስጡት። 5 በመቶ ብዙ የሚመስላችሁ ቆሻሻው እንደሚሰምጥ ካላሰባችሁ ነው። 20 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሰምጥ 2 እና 3 ሜትር ይወርዳል፤ የሚወርደውም እኩል አይደለም። የእኛ አገር ቆሻሻ በብዛት የምግብና የአትክልት ትራፊ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመጥ ብርቱ ነው። ሲዘጋ ሜዳ የነበረ አናት በሁለት ክረምት ኩሬ ይሆናል።

ጋዙን መውጫ ስጡት

ከቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ነው። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። መውጫ ሳይሰጡት አፈር ካለበሱበት በጎን ተጉዞ በአካባቢው ቤቶች ወለል ሥር ይገባል።

15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጎኑ የተበሳሳ የፒቪሲ ወይም የፖሊኢትሊን ቱቦ በጉድጓድ ውስጥ አቁማችሁ ዙሪያውን በጠጠር ሙሉት። ጉድጓዱ የቆሻሻውን ጥልቀት ሦስት አራተኛ ያህል ይወርዳል። ከቆሻሻው ሥር ፍሳሽ እንዳያሳልፍ የተዘረጋ ንጣፍ ካለ እንዳይበሳ ከወለሉ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። የቱቦው የላይኛው 3 ሜትር ያልተበሳ ሆኖ ዙሪያው ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ ይታሸጋል፤ ካልታሸገ ቱቦው ራሱ የዝናብ ውሃ መግቢያ ይሆናል። ጫፉ ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ አፉ ወደ ታች ይታጠፍ። ለአንድ ሄክታር ሁለት ሦስት ቱቦ መነሻ ነው። ቁፋሮ ላይ ሲጋራም ብየዳም አይፈቀድም፤ ጋዙ ሳይለካ ማንም ወደ ጉድጓዱ አይውረድ።

ከቆሼው አደጋ በኋላ በጃፓንና በተመድ የሰፈራ መርሐ ግብር ድጋፍ ቆሼ ላይ የተሠራበት የፉኩኦካ ዘዴ ሌላ መንገድ ይከተላል። ከሥር የተዘረጉና ሽቅብ የቆሙ የተበሳሱ ቱቦዎች ፍሳሹን እያስወጡ አየር ወደ ቆሻሻው ያስገባሉ። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሚቴኑም ይቀንሳል። በርካሽ ቁሳቁስ ስለሚሠራ አቅማቸው ውስን ለሆነ ከተሞች በጣም የሚመች ነው።

አፈሩን አልብሱ

መጀመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራ አፈር ቆሻሻውን ሸፍኖ ለሮለር መቆሚያ ይሁን። ከዚያ የሥራው ልብ ይመጣል፤ ውሃ የሚከለክለው የሸክላ አፈር። የአሜሪካው ደንብ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጠይቃል፤ ውሃ የሚያሳልፍበት ፍጥነትም በቀን 1 ሴንቲ ሜትር መድረስ የለበትም። ከሥር ንጣፍ ያለው መጣያ ከሆነ ክዳኑ ከንጣፉ ይበልጥ ውሃ ማሳለፍ የለበትም። ላዩ እያስገባ ታቹ ከያዘ መጣያው እንደ ገንዳ ሞልቶ በጎን ይፈስሳል። ለእንዲህ ያለው መጣያ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጂኦሜምብሬን የሚባል ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ከሸክላው ላይ ይነጠፋል፤ ከእርሱም በላይ የውሃ መውረጃ ንብርብር ያስፈልጋል።

ሸክላውን 45 ሴንቲ ሜትር በአንድ ጊዜ ደፍቶ መጠቅጠቅ አይሠራም፤ ሮለሩ ላዩን ብቻ ነው የሚነካው። ሲደፋ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ሲጠቀጠቅ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሦስት ንብርብር አድርጉት። ከእጅ ጡጫ የሚበልጠው ጓል ይሰበር። እርጥበቱ ላቦራቶሪ ከሚሰጣችሁ ልክ 2 ወይም 3 በመቶ ከፍ ይበል፤ ደርቆ የተጠቀጠቀ ሸክላ ጠንካራ ቢመስልም በጓሎቹ መካከል ውሃ ያሳልፋል። ቀጣዩን ከመድፋታችሁ በፊት የታችኛውን ገጽ በጥቂቱ ጫሩት፤ ካልተጫረ ሁለቱ አይያያዙም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፈሩን ሲመርጥ ነው። ዋልካ አፈር እርጥብ ሲሆን ውሃ ስለማያሳልፍ ተመራጭ ይመስላል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የመጀመሪያውን የሰኔ ዝናብ በቀጥታ ወደ ቆሻሻው ይወስደዋል። ቀይ ሸክላ ከተገኘ እርሱን ምረጡ። ዋልካ ብቻ ከሆነ ያላችሁ እንዳይደርቅ ከላዩ ወፍራም አፈር አልብሱት።

ለ1 ሄክታር የተጠቀጠቀ ሸክላ 4,500 ሜትር ኩብ ነው። ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰውን ሩብ ያህል ጨምሩበትና 5,600 ይጠጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 350 ያህል ምልልስ። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ከየት እንደሚመጣ መታወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከሸክላው በላይ ለም አፈር ይለብሳል። በአሜሪካው ደንብ ትንሹ መጠን 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ግን ከ1 ሜትር በላይ ይላል። በረጅም በጋና በኃይለኛ ክረምት መካከል ላለ አገር 15 ሴንቲ ሜትር አይበቃም፤ 50 ብታደርጉት ሸክላውን ከመድረቅ ያድነዋል።

ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም

ባሕር ዛፍ ሥሩ ሸክላውን ይበሳል፤ ነፋስ ሲጥለውም አፈሩን ነቅሎ ይወድቃል። ሰርዶ መሬቱን ቶሎ ስለሚይዝ ይመረጣል። ቬቲቨር የተባለው ሣር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከክዳኑ ውጪ በዙሪያ ቦዮች ዳር ይተከል። ሣሩ እስኪይዝ ጭድ አልብሱበት፤ ከብትም አታስገቡ። ከውጭ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይም ክምሩን መክበብ አለበት።

ከተዘጋ በኋላ

የአሜሪካው ደንብ ለ30 ዓመት ክትትል ያዛል። የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ክምሩ ከሚመጣበት ወገን ቢያንስ አንድ፣ አልፎ ከሚሄድበት ወገን ሦስት የውኃ መፈተሻ ጉድጓድ ይቆፈርና ናሙና በዓመት ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ሚቴን በየሦስት ወሩ ይለካል፤ በጊቢው ባሉ ክፍሎች ውስጥ ከ1.25 በመቶ፣ በአጥሩ ድንበር ከ5 በመቶ ማለፍ የለበትም። ቦታው ቆሻሻ መጣያ እንደነበር በይዞታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቤት ሊሠራበት መሠረት ይቆፍራል።

በየዓመቱ በግንቦትና በመስከረም ክምሩን በእግር ዙሩት። ውሃ ያቆረ ቦታ ካለ ለም አፈሩን ገፍፋችሁ ሸክላ ጨምሩና ተዳፋቱን መልሱ፤ ላዩን ብቻ በአፈር መሙላት አይበቃም። ሣር ክብ ሆኖ የደረቀበት ቦታ ጋዝ እየወጣ መሆኑን ያሳያል። ከግርጌ የሚንጠባጠብ ጥቁር ውሃ ካያችሁ ከበላዩ ስንጥቅ ወይም የተደፈነ ቦይ ፈልጉ። በአናቱ ዳርቻ እንደ ቀስት የታጠፈ ረጅም ስንጥቅ ካገኛችሁ ግን ጥገናውን ተዉትና በመጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ሰው አስነሡ።