አገልግሎትን ከውዳሴ ከንቱ እንዴት እንጠብቅ?

በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘውም ባለጸጋውና ድሃው ሳይጸየፉ በአንድ ጣሪያ ሥር ግብር ይበሉበት ስለ ነበር እንደ ሆነ ይነገራል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ምጽዋት የሚለምነውንም ሰው አማርኛችን «የኔ ቢጤ» ብሎ ይጠራዋል፤ አምሳያዬ ማለት ነው። አፋችን «የኔ ቢጤ» እያለ እጃችን ሳንቲሙን ከሩቅ የሚወረውር ከሆነ ግን አፍና እጅ ተለያይተዋል። ይህ ጽሑፍ በአጥቢያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በጽዋ ማኅበር የሚያገለግሉ ሰዎች ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ እንደሚችሉ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ልብህን መርምር» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ልብ ለባለቤቱ የሚያደላ ዳኛ ስለሆነ፣ ሥራውን ራሱን ታይታ መግቢያ በማያገኝበት መንገድ ማሰናዳት የበለጠ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። በወንጌል «ግብዝ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል በቴአትር የሚጫወትን ተዋናይ ያመለክት ነበር፤ ተዋናይ ደግሞ ያለ ተመልካች ሥራ የለውም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ግብዞች ሲናገር ያነሣቸው ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ሦስቱም መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠንቀቅ የሚገባው ሰነፉ ሳይሆን ትጉ እየተባለ የሚመሰገነው አገልጋይ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወንበርና ማዕረግ የሌለውን ሥራ ይምረጡ። ከዝክር በኋላ ድስት ማጠብ፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽዳት፣ ለቤተልሔም፣ ማለትም የቁርባኑ ኅብስት ለሚዘጋጅበት ቤት፣ እንጨት መፍለጥ፣ በደሴ ጭጋግ ከኪዳን ጸሎት የሚመለሱትን አረጋውያን ዳገቱን ደግፎ ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ሰው የሚሸሻቸው ሥራዎች ናቸው። አንዱን ብቻ ይያዙና ለአንድ ዓመት አይልቀቁት፤ መያዝዎንም ቁልፉን ከሚሰጥዎት ሰው በቀር ለማንም አይንገሩ። ጌታ ጽዋውንና ወጭቱን ከውጭ እያጠሩ ውስጡን የሚተዉትን ሰዎች ሲገሥጽ ምን ማለቱ እንደ ሆነ፣ በሥሩ ወጥ ያረረበትን የማኅበር ድስት ፍቆ የሚያውቅ ሰው ያለ ሰባኪ ይገባዋል።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ከታጠቡት እግሮች መካከል በዚያው ሌሊት አሳልፎ የሰጠው የይሁዳ እግርም ነበረበት። ስለዚህ ራስዎን ሲፈትኑ «አገለግላለሁን?» ብለው ሳይሆን «የማንን እግር ማጠብ እምቢ እላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሩቅ ሰው አይሆንም፤ ባለፈው ስብሰባ የተቃወመዎት የማኅበር አባል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚረዱትን ሰው ክብር ይጠብቁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበረ ጊዜ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበር። ዳቦውን ስንሰጥ አንዱ ጓደኛችን ፎቶ ያነሣ ነበርና፣ ተራው የደረሳቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ቆሙ፤ ስልኩ እስኪወርድ ድረስም እጃቸውን አልዘረጉም። ምንም አልተናገሩም። ፎቶውን ያነሣው ሌላ ቢሆንም እኔ ፀጉሬን አስተካክዬ እንደ ነበር አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ሥርዓት ቀላል ነው፤ እርዳታ በሚሰጥበት ቦታ ስልክ ከኪስ አይወጣም፣ ለጋሽ ማስረጃ ከፈለገም የዱቄቱ ጆንያ ፎቶ ይነሣለታል።

ከመስጠትዎ በፊትም ይጠይቁ። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በኀዘንም በደስታም አብረው የሚቆሙበት አገር ነው፤ የአንዱን እርድ ሌላው እንደማይበላ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለሙስሊም ጎረቤት የክርስቲያን ሥጋ ወጥ ይዞ መሄድ ሰጪውን እንጂ ተቀባዩን አያስደስትም፤ ዱቄት፣ ዘይት ወይም በግ በቁሙ ቢሰጥ ግን ጎረቤቱ በራሱ ሥርዓት ያዘጋጀዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሃይማኖት አልጠየቀም፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ የሚጎድለውን ሲመለስ እንደሚሞላ ቃል ገባ። ይህ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከበዓሉ ማግስት የታመመውን ሰው በር የሚያንኳኳ አገልጋይ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ በአጥቢያችን የምናውቀው ነው።

እዚህ ላይ በትሕትና ስም የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ቃል የሚመለከተው የራስን ምጽዋት ነው፤ የማኅበር ገንዘብ የያዘ ሰው «እኔ ታይታ አልወድም» ብሎ ሒሳብ አላሳይም ቢል ግን ትሑት ሊባል አይችልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተሰበሰበው እርዳታ ሲጓዝ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብረው እንዲሆኑ ያደረገው ማንም እንዳይነቅፋቸው እንደ ሆነ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ገልጿል። ስለዚህ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከአንድ ሰው በላይ ይቁጠር፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበብ። ከራስዎ ኪስ ያወጡት ግን በንባቡ ውስጥ «አንድ ምእመን» ተብሎ ይለፍ።

ስለ ጾም ብዙ አልልም። ጾመኛ መሆንዎን የማያውቅ ሰው ቤት የፍስክ ምግብ ቢቀርብልዎ በለሰለሰ ቃል «ጾም ላይ ነኝ» ማለት በቂ ነው፤ በማዕዱ ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ሰዎች ስለ አጽዋማት ማስተማር አያስፈልግም።

ዓመቱ ሲፈጸም ቁልፉን ለሌላ ሰው ያስረክቡ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ድስት ማጠብ እንኳ ከቆየ «የእኔ ቦታ» ይሆናልና። ተተኪው ሥራውን በሌላ መንገድ ሲሠራ ካዩ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» አይበሉ። ድስቱ በደንብ ካልጠራ በሚቀጥለው ዝክር እጅጌዎን ሰብስበው ከአጠገቡ ይቀመጡና አብረው ይፈቁ።