የአሜሪካን የቼዝ ሻምፒዮና እንዴት ልከታተል? ለጀማሪ ተመልካች

ቼዝ መጫወት የሚችል ሰው ብዙ ነው። ትልቅ ውድድር ከፍቶ እስከ መጨረሻው የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው 20 ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ወታደር አንድ ቤት ይገፋል፣ ከዚያ ሌላ 20 ደቂቃ። ምን እንደሚጠበቅ ካላወቃችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ካወቃችሁ ግን ከኳስ በማይተናነስ ሁኔታ ልብ ይሰቅላል፤ እኔ ይህን ሻምፒዮና ለማየት ያመሸሁባቸው ብዙ ሌሊቶች አሉ፣ በአንዱም አልቆጭም። ለማየት ጎበዝ ተጫዋች መሆን አያስፈልግም። የነጥብ ሰንጠረዡን፣ ሰዓቱንና ደንቡን ማንበብ ከቻላችሁ ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውና ሰዓቱ። ከ2009 ወዲህ የውድድሩ ቤት በሚዙሪ ግዛት ያለችው ሴንት ሉዊስ ናት። በ2020 በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ከመካሄዱ በቀር በየዓመቱ እዚያው ነው። በቅርብ ዓመታት የሚደረገው በኦክቶበር ነው፣ በዚያ ወቅት ደግሞ ሴንት ሉዊስ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ጨዋታው እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ሲጀመር እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። እራት በልቶ ለመቀመጥ የተመቸ ሰዓት ነው። የሴንት ሉዊስ የቼዝ ክለብ በዩቲዩብ በነጻ ያስተላልፋል። ተንታኞቹ ውስጥ ያሰር ሴይራዋንን ካገኛችሁ እሱን ስሙት፣ ራሱ የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፣ ግን ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። አንድ ነገር አትርሱ፦ ማጭበርበርን ለመከላከል ስርጭቱ ሆን ተብሎ በደቂቃዎች ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ብታዩ ኔትወርካችሁን አትውቀሱ።

ቀጥሎ የነጥብ ሰንጠረዡ። 12 ሰዎች ይጫወታሉ፣ እያንዳንዱ ከሌሎቹ 11 ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። ስለዚህ 11 ዙር አለ። ማሸነፍ 1 ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ነው። የሴቶቹ ሻምፒዮና ጎን ለጎን ይካሄዳል። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ይገባል፣ የዩኤስ ኦፕን (ለሁሉም ክፍት የሆነው የቼዝ ውድድር) አሸናፊና የወጣቶች ሻምፒዮንም ይገባሉ፣ የቀሩት በአብዛኛው በሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹን ጥንካሬ በሚለካው ቁጥር፣ የሚመረጡ ናቸው። እኔ የምመክራችሁ የወጣቶቹን ሻምፒዮን ስም ይዛችሁ እንድትጀምሩ ነው። ከሁሉም ዝቅ ያለ ሬቲንግ ይዞ ሊገባ ይችላል፣ አንድ ትልቅ ሰው ሲጥል ማየት ግን የውድድሩ ጣዕም ነው። ሰንጠረዡን ስታዩ ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ፣ ማን ከማን ጋር ገና እንዳልተጫወተም እዩ። በ8ኛው ዙር እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጠንካሮቹን ጨርሶ ሌላው ገና ከፊቱ ካሉት፣ እኩል አይደሉም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ድራማው ያለው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ 40ውን ሲጨርስ 30 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 30 ሰከንድ ያገኛል። 40ኛው እንቅስቃሴ ሳይደርስ ሰዓቱ ያለቀበት ሰው፣ ሰሌዳው ላይ እያሸነፈም ቢሆን፣ ተሸነፈ። ስለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ 4 ሰዓት ሙሉ አትቀመጡ። መክፈቻውን እዩ፣ ሥራችሁን ሥሩ፣ 30ኛው እንቅስቃሴ አካባቢ ተመለሱ። ከ30 እስከ 40 ያለው ላብ የሚያስጠምቅ ነው፣ ታላላቅ ስህተቶች የሚሠሩትም እዚያ ነው።

ስርጭቱ ጎን ላይ ማን እንደሚበልጥ የምታሳይ ነጭና ጥቁር መስመር አለች፣ ኮምፒውተሩ የሚያሰላት። አጥፏት። ማጥፋት ካልቻላችሁ በወረቀት ሸፍኗት። እሷን እያዩ መመልከት መልሱን እያዩ ፈተና እንደመሥራት ነው። ይልቅ ተጫዋቹ ሲያስብ እናንተም አስቡና ‹ፈረሱን ያንቀሳቅሳል› ብላችሁ ገምቱ። መሳሳት ያለ ነው። በ1963/64ቱ ሻምፒዮና ቦቢ ፊሸር ጥቁር ይዞ ከሮበርት በርን ጋር ሲጫወት፣ በርን በ21ኛው እንቅስቃሴ እጅ ሰጠ። በሌላ ክፍል ለተመልካች ሲያብራሩ የነበሩት ግራንድማስተሮች (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ ያላቸው ተጫዋቾች) እኮ እያሸነፈ ያለው በርን ነው ብለው ያምኑ ነበር! ግራንድማስተር እንዲህ ከተሳሳተ እናንተ በነጻነት ገምቱ።

ደንቡን በተመለከተ አራት ነገር ብታውቁ ይበቃል። የነካኸውን መሣሪያ ታንቀሳቅሳለህ፣ ማስተካከል ብቻ ከፈለግህ አስቀድመህ ትናገራለህ። አቻ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሰዓቱን ይጫናል። አንድ አቋም ሦስት ጊዜ ከተደገመ፣ ወይም 50 እንቅስቃሴ ያለ ወታደር ግፊትና ያለ መብላት ካለፈ፣ ተጫዋቹ አቻ ይሁን ብሎ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። አራተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ክልክል ነው፦ ስልክ ጨርሶ አይገባም፣ ማስታወሻም አይጻፍም።

ማስታወሻው ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የማይገምተው ነው። ተጫዋቹ ፊት ያለው ወረቀት የጨዋታውን እንቅስቃሴ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሌላ ማስታወሻ መጻፍ ክልክል ነው። በ2015 ዌስሊ ሶ የሚባለው ተጫዋች ለራሱ ማበረታቻ ቃላት ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር፣ የሚረዳው የቼዝ ነገር ሳይሆን ‹ተረጋጋ፣ አስብ› ዓይነት ነገር። ሁለት ጊዜ ተነገረው። በ9ኛው ዙር ከቫሩዣን አኮቢያን ጋር ሲጫወት ደገመው፣ ዳኛውም ገና በ6ኛው እንቅስቃሴ ጨዋታውን ለአኮቢያን ሰጠ። ብዙ ሰው ዳኛው አበዛው አለ። እኔ ግን ዳኛው ልክ ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ያለው ምክር ይሁን ስሌት ተጋጣሚው በምን ያውቃል? ሶም አልተሰበረም፤ በ2017፣ በ2020 እና በ2021 ሻምፒዮን ሆኗል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ተጫዋቹ እጅ ሲጠጋ ልብ ብላችሁ እዩ።

ከ11 ዙር በኋላ ሁለት ሰው እኩል ከሆነስ? አጫጭር የመለያ ጨዋታዎች ይመጣሉ፣ በእነሱም ካልተለየ አርማጌዶን የሚባለው። ነጭ የግድ ማሸነፍ አለበት፣ ለጥቁር አቻ እንኳ ይበቃዋል። በዚህ ፈንታ ጥቁር ያነሰ ሰዓት ይይዛል። ምን ያህል ያነሰ? በ2010 ይህን በጨረታ ወሰኑት። ጋታ ካምስኪና ዩሪ ሹልማን እያንዳንዳቸው በስንት ደቂቃ ጥቁር ለመያዝ እንደሚስማሙ በድብቅ ጻፉ። ትንሹን የጻፈው ካምስኪ ነበር፣ 25 ደቂቃ። ሹልማን ነጭና 60 ደቂቃ አገኘ። ጨዋታው አቻ አለቀ፣ ሻምፒዮኑ ካምስኪ ሆነ። እኔ ከዚህ የሚያምር የመለያ ዘዴ በሌላ ስፖርት አላየሁም፣ ሁለቱም ራሳቸው የወሰኑት ስለሆነ ማንም ተበደልኩ አይልም።

ሰዓቱ ሲያጥር ግን ነገሩ ይከብዳል። በ2008 የሴቶቹ ሻምፒዮና ቱልሳ ውስጥ ነበር፣ ኢሪና ክሩሽና አና ዛቶንስኪ አርማጌዶን ደረሱ። በእንቅስቃሴ የሚጨመር ሰከንድ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የቼዝ ሳይሆን የእጅ ፍጥነት ውድድር ሆነ፣ መሣሪያዎቹ እየወደቁ፣ ሰዓቱ እየተመታ። ዛቶንስኪ 1 ሰከንድ ሲቀራት የክሩሽ ሰዓት አለቀ። ክሩሽ በኋላ ማዕረጉ ለሁለታችንም ይገባል ብላ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች፣ አልተቀየረም። ያን ሳይ ሰንጠረዥ የሚባለው የድሮው የአገራችን ቼዝ ትዝ ይለኛል። እሱ የሚጀምረው በወረራ ነበር፦ ተራ መጠበቅ የለም፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። እዚያ ፍጥነት የጨዋታው ሕግ ነው። ለብሔራዊ ሻምፒዮና ማዕረግ ግን በእኔ እምነት አይመጥንም፣ ቢያንስ በየእንቅስቃሴው ሁለት ሦስት ሰከንድ መጨመር ነበረበት።

በመጨረሻ ክብረ ወሰኖቹ፣ ምክንያቱም ያለ እነሱ ዛሬ የምታዩት ነጥብ ትልቅ ይሁን ትንሽ አታውቁም። ማዕረጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ሰው ተጋጥሞ የሚወስደው ነበር፣ ፍራንክ ማርሻልም ከ1909 እስከ 1936 ይዞት ቆየ። እሱ ሲለቅ በ1936 ኒው ዮርክ ላይ ሁሉም ከሁሉም የሚጫወትበት ውድድር ተጀመረ፣ ሳሙኤል ሬሼቭስኪም አሸነፈ። ሬሼቭስኪ ከዚያ እየደገመ 8 ደርሷል። ፊሸርም 8 አለው፣ ልዩነቱ ፊሸር የገባው 8 ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ገብቶ ያላሸነፈበት ዓመት የለም። የመጀመሪያውን በ1957/58 ሲወስድ 14 ዓመቱ ነበር። ሂካሩ ናካሙራ 5 ጊዜ፣ ካምስኪም 5 ጊዜ ወስደዋል። ፋቢያኖ ካሩአና በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ አሸንፏል። ከሴቶቹ ጂሴላ ግሬሰር 9፣ ያቺው ክሩሽ 8 አላቸው። ካሪሳ ዪፕን ደግሞ ተከታተሏት፣ ወጣት ናት፣ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 ወስዳዋለች።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ያው የ1963/64ቱ ነው። ፊሸር 11 ተጫውቶ 11 አሸነፈ፣ አንድም አቻ የለም። ሁለተኛ የወጣው ላሪ ኤቫንስ 7 ነጥብ ተኩል ብቻ ነበረው። የሴንት ሉዊሱ ክለብ ይህን ለሚደግም ሰው 64 ሺሕ ዶላር አስቀምጦ ነበር፣ በሰሌዳው 64 ቤቶች ልክ። ማንም አልወሰደውም። ስለዚህ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሰንጠረዡን ክፈቱ። 3 ከ3 የያዘ ሰው ካለ፣ ነጥብ እስከሚጥል ድረስ በየምሽቱ መጀመሪያ የእሱን ሰሌዳ እዩ።