መዱራሽተከምን ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዜማውን እንደሰማን «የህንድ ፊልም ዘፈን ነው» ብለን እናልፈዋለን። አይደለም። ቋንቋውም ሂንዲ ሳይሆን ሳንስክሪት ነው። ሂንዲ ማለት ግዕዙን አማርኛ ነው እንደማለት ይሆናል። መዱራሽተከም የሂንዱዎች አምላክ የክሪሽና ምስጋና ነው፤ ደራሲው እ.ኤ.አ. ከ1479 እስከ 1531 የኖረው የሃይማኖት መምህር ቫላባቻርያ ነው ይባላል። ስሙ ውስጥ ያለው «አሽተከም» ባለ ስምንት አንጓ ማለት ነው። ስምንት አንጓ፣ አለቀ።

የባሰው ስህተት ከትርጉሙ መጀመር ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። «ከንፈሩ ጣፋጭ፣ ፊቱ ጣፋጭ፣ ዓይኑ ጣፋጭ፣ ፈገግታው ጣፋጭ...» ሁለተኛው አንጓ ላይ ሰለቸኝ። «ጣፋጭ» ሲባል ከረሜላ ነዋ ትዝ የሚለን! ለዚህ ቃል ግዕዙ «ጥዑም» ይሻለዋል። ለምግብም ለዜማም ለንግግርም ይሆናል።

ሌላም ነገር አለው። ግዕዙ ለወንድ «ጥዑም»፣ ለሴት «ጥዕምት» ይላል አይደል? ሳንስክሪቱም እንዲሁ ነው። ቃሉ በእያንዳንዱ አንጓ 7 ጊዜ፣ በጠቅላላው 56 ጊዜ ይመጣል፤ ግን ያው ቃል እየተደጋገመ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለከንፈሩ «መዱረም» ነው፤ ለዋሽንቱ «መዱሮ»፣ ለእረኛዋ ልጃገረድ «መዱራ»። ለእግሮቹ ደግሞ «መዱረው» ይሆናል፤ ሁለት ስለሆኑ። እኛ ነጠላና ብዙ ብቻ ነው ያለን፤ ሳንስክሪት ለጥንድ ነገር የራሱ ቅርጽ አለው። በትርጉም ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ከላቲን ፊደል አታንብቡት። እዚያ ላይ አጭሩም ረጅሙም «አ» ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ስለሚጻፍ «ማዱራም» ብላችሁ ታነቡታላችሁ። የኛ ፊደል ግን ግዕዙን «መ» ከራብዑ «ማ» ይለያል፤ ለሳንስክሪቱ አጭርና ረጅም ድምፅ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ በፊደላችን ጻፉት፦ «ኧደረም መዱረም ቨደነም መዱረም»። («ዱ» ላይ ትንሽ ትንፋሽ ጨምሩበት።) አሁን እያጨበጨባችሁ በሉት። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፤ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ምቱ ራሱ ይይዛችኋል።

መልክእ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ስህተት ላይ ይወድቃል። በመልክእ «ሰላም ለ...» እየተባለ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በሥርዓት ይወረዳል። ይኼም ከከንፈርና ከዓይን ሲጀምር «አሃ፣ መልክእ ነው» ብለን እንዝናናለን። ግን ብዙም ሳይቆይ ከመስመር ይወጣል። የእግሩ ትቢያ ጥዑም ነው። መተኛቱ ጥዑም ነው። የያሙና ወንዝ፣ ማዕበሉ፣ ላሞቹ፣ የእረኛ ዱላው ሳይቀር። አምስተኛው አንጓ ላይ መስረቁም ጥዑም ነው ይላል! ክሪሽና በልጅነቱ የጎረቤት ቅቤ እየሰረቀ የሚበላ የእረኛ ልጅ እንደነበር ያላወቀ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። የሚያውቁት ግን ፈገግ ይላሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

የመጨረሻው ስህተት መዝጊያዋን ስንኝ እንደ አዝማች ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ነው፦ «መዱራዲፐቴር ኧኪለም መዱረም»። ሰሙ «የጥዑምነት ጌታ፣ ሁለመናው ጥዑም» ነው። ነገር ግን ክሪሽና የተወለደባት የማቱራ ከተማ በጥንቱ አጠራር «መዱራ» ትባልም ነበር። ስለዚህ ጆሮው የተከፈተ ሰው «የመዱራ ከተማ ጌታ» የሚለውንም ይሰማል። ስንኟ በስምንቱም አንጓ መጨረሻ ላይ ስለምትመለስ፣ በመጀመሪያው ቢያመልጣችሁ ሰባት ዕድል ይቀራችኋል።