የሊኑክስ ድራይቨር ስትጽፉ ዲቫይሱን ፍለጋ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ካርዱ ብዙ ፖርት አለው እንበል። ከአንዱ ፖርት የሥራ ጥሪ መጣ። የየትኛው ፖርት ነው? ድራይቨር የጻፈ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛውም ወዲያው «ሃሽ ቴብል ይሻላል ወይስ ትሪ?» (ሁለቱም ዳታ በቶሎ እንዲገኝ የሚደረደርባቸው መንገዶች ናቸው) ብሎ ክርክር ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ አብዛኞቹን ስህተቶች የማውቃቸው ስለሠራኋቸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳያስፈልግ መፈለግ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ብዙ ጊዜ መልሱን አስቀድሞ እጃችሁ ላይ አስቀምጦላችኋል። ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ስታስመዘግቡ የራሳችሁን ስትራክት (የዲቫይሱን መረጃ የያዘውን) ፖይንተር፣ ማለትም የሚሞሪ አድራሻውን፣ አብራችሁ ትሰጣላችሁ፤ ኢንተራፕቱ ሲመጣ ሃንድለሩ ያንኑ ፖይንተር ይቀበላል። ካራክተር ዲቫይስ ሲከፈትም ኢኖዱ (የፋይሉ መዝገብ) ውስጥ የሲዴቭ (ከርነሉ ዲቫይሱን የሚያውቅበት ስትራክት) ፖይንተር አለ። ሲዴቩን የራሳችሁ ስትራክት ሆድ ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኮንቴይነር-ኦፍ (ከውስጠኛው አድራሻ የውጪውን በሚያሰላው ማክሮ) ወደ ስትራክቱ መድረስ አንዲት የመቀነስ ስሌት ብቻ ናት፣ ያገኛችሁትን ደግሞ ፋይሉ ፕራይቬት ዳታ ላይ ካኖራችሁት ሪድ መጣ ራይት መጣ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ድራይቨሬ ግን ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ስፒንሎክ (ሌሎች እንዳይገቡ የሚያግድ መቆለፊያ) ይዞ ሊስቱን ከላይ እስከ ታች ይዞር ነበር። ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የቤቱን አድራሻ እንደመጠየቅ።

ፍለጋው የግድ ከሆነስ? ብዙ ሰው ሊንክድ ሊስትን (እያንዳንዱ ኖድ ቀጣዩን በፖይንተር የሚያመለክትበትን) ይንቃል። ለ6 ፖርት ካርድ ሁለት ቀን ሙሉ ሬድ-ብላክ ትሪ ስጽፍ ከረምኩ፤ ስለካው ልዩነቱ አይታይም። ሊስት የሚጎዳው ሲረዝም ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኖድ ሚሞሪው ውስጥ የተለያየ ቦታ ተበትኖ ስለሚገኝ ፕሮሰሰሩ በየእርምጃው አዲስ ካሽ ላይን (ከሚሞሪ አንዴ የሚመጣ ቁራጭ) ለማምጣት ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። ትሪም ከዚህ አያመልጥም። 1000 ዲቫይስ ቢኖር ወደ 10 እርምጃ ነው፣ እርምጃው ግን ያው ፖይንተር መከተል ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ የቁልፉን (ዲቫይሱ የሚፈለግበትን መለያ) መልክ ሳያዩ ስትራክቸር መምረጥ። ቁልፋችሁ ከ0 ጀምሮ ተከታትሎ የሚሄድ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ ማይነር ነምበር (አንድ ድራይቨር ዲቫይሶቹን የሚለይበት ቁጥር)፣ ኤክስ-ኤሬይ (በቁጥር የሚፈለግ የከርነሉ ስትራክቸር) ተጠቀሙና ተገላገሉ። ከከርነል ስሪት 4.20 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ማብቂያ ወዲህ፣ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ ለዚሁ ሥራ ያገለግል የነበረው የድሮው አይዲአር ለአዲስ ኮድ አይመከርም። አንዱ ኖድ አብዛኛውን ጊዜ 64 ቦታ አለው፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 63 አንድ ኖድ ይበቃል፣ እስከ 4095 ሁለት ደረጃ። ታዲያ ይህን ያየ ሰው ይወድና ማክ አድራሻም (የኔትወርክ ካርድ መለያ) ልክተትበት ይላል። ቁጠሩት እስቲ። አድራሻው 48 ቢት ነው፣ በየደረጃው 6 ቢት ይበላል፣ 8 ደረጃ ማለት ነው። በ64 ቢት ማሽን የአንዱ ኖድ 64 ቦታዎች ብቻ 512 ባይት ይይዛሉ። ለተበታተነ ቁልፍ ሃሽ ቴብል ነው የሚሻለው።

ሃሹም ጣጣ አለው። የማክ አድራሻ የመጀመሪያ 3 ባይት ብዙውን ጊዜ የአምራቹ መለያ ነው። በእነሱ ሃሽ ካደረጋችሁ (የቴብሉን ቦታ በእነሱ ካሰላችሁ) ከአንድ ፋብሪካ የመጡ ካርዶች ሁሉ አንድ ባኬት (የቴብሉ አንድ ክፍል) ውስጥ ይጎርፋሉ፣ ያኔ ያላችሁ ሃሽ ቴብል ሳይሆን ያው ሊስት ነው። የራሳችሁን ሃሽ ፋንክሽን አትፍጠሩ፣ ከርነሉ ያለውን ውሰዱ። የቴብሉ መጠን ደግሞ በቢት ነው የሚሰጠው። 10 ብትሉ 1024 ባኬት፣ በ64 ቢት ማሽን 8 ኪሎባይት። 20 ብትሉ ግን 8 ሜጋባይት ነው፣ ለስምንት ዲቫይስ! ሌላው፣ ባኬቱን ስትዞሩ ቁልፉን ራሱን ማወዳደር አትርሱ፤ የምታገኙት ባኬቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው። በሁለት ዲቫይስ ሲሞከር ምንም አይታይም፣ ብዙ ሲሆን የአንዱ ዳታ ለሌላው ይሄዳል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፍጥነት ነው። ሰው የሚያስለቅሰው ግን ከተገኘ በኋላ ያለው ነው። ኤክስ-ኤሬይ ላይ ሎድ ስታደርጉ የአርሲዩ (አንባቢዎች እስኪጨርሱ ሚሞሪ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ዘዴ) ሎኩን ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። ፖይንተሩ እጃችሁ ሲገባ ሎኩ የለም። በዚያች ቅጽበት አንዱ ዩኤስቢውን ከነቀለ ሌላው ሲፒዩ ስትራክቱን ፍሪ ያደርገዋል፤ የያዛችሁት እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መፍትሔው የአርሲዩ ሎኩን እናንተ ይዛችሁ፣ በዚያው ውስጥ ሎድ አድርጋችሁ፣ ሪፈረንስ (ስትራክቱን ስንት እንደያዘው የሚቆጥረውን) መጨመር ነው፣ ያውም ቆጣሪው ዜሮ ካልሆነ ብቻ በሚጨምረው ፋንክሽን። ዜሮ ከሆነ ዲቫይሱ የለም በሉና ውጡ። በማጥፋቱ በኩል መጀመሪያ ከቴብሉ አውጡ፣ ከዚያ ሪፈረንሱን ልቀቁ፣ ሚሞሪውን ደግሞ አርሲዩ አንባቢዎቹ ሲጨርሱ በሚለቀው መንገድ ልቀቁት።

ተቃራኒውም አለ። ከርነሉ ባስ (ዲቫይሶች የሚሰኩበት መስመር) ላይ ዲቫይስ ፈልጎ ሲሰጣችሁ ሪፈረንሱን ጨምሮ ነው። እናንተ ካልመለሳችሁት ዲቫይሱ ተነቅሎም ስትራክቱ አይሞትም።

ቸኩሎ ማስመዝገብም ብዙ ያስቸግራል። ፕሮብ (ዲቫይሱ ሲገኝ የሚጠራው ፋንክሽን) ውስጥ ሎኩና ባፈሩ ሳይዘጋጅ ቴብል ላይ ካስቀመጣችሁት ሌላ ሰው ግማሽ የተሠራ ዲቫይስ ያገኛል። ቁጥሩን ብቻ ቀድማችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ ኤክስ-ኤሬይ ላይ በነል (ባዶ ፖይንተር) አሎክ ስታደርጉ ቁጥሩ ይያዛል፣ ፈላጊ ግን ባዶ ነው የሚያገኘው። ፖይንተሩን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አስገቡ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ከርነሉን ካዛን (የሚሞሪ ስህተትን የሚያጋልጥ መሣሪያ) አብርታችሁ ቢልድ አድርጉ፣ በአንዱ ተርሚናል ድራይቨሩን ከዲቫይሱ አንባይንድ እና ባይንድ (መለየትና መልሶ ማገናኘት) እያደረገ የሚዞር ስክሪፕት ልቀቁ፣ በሌላው ዲቫይሱን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ። ያ የስድስት ፖርቱ ድራይቨሬ፣ ሁለት ቀን የፈጀው ትሪ ያለበት፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም።