ልጆች እናታቸውን እንዴት ያያሉ? ወሎ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴም ኮምቦልቻም «ሴት ያሳደገው» የሚባል ስድብ አለ። የመጀመሪያው ስህተት ይህን ማመን ነው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ወሬውን ፈርታ አባትም ልሁን ትላለች፤ ቁጣ ታበዛለች። ልጁ የሚያየው ግን አባትን ሳይሆን ሁሌ የተከፋች እናትን ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስተዳደግን የለየችው በቁጥጥርና በፍቅር ሚዛን ነው። ደንብ የምታወጣ፣ ምክንያቱን የምታስረዳና የምታዳምጥ እናት ብቻዋንም ብትሆን ይሄ አይጎድላትም።

ሁለተኛው ዓረብ አገር ያሉ እናቶችን ይመለከታል። ልጁ አያቱ ጋር ቀርቷል። ስህተቱ መሄዷ አይደለም፣ ማን ወዶ ይሄዳል! ስህተቱ ኢሞ ላይ ነው። «ስንተኛ ወጣህ? ጫማው ልክህ ሆነ? አያትህን እንዳታስቸግር።» «እሺ።» አለቀ። ስልኩ ወደ አያት ይዞራል፣ የብር ወሬ ይጀመራል፣ ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል። እናቱ ገንዘብ ላኪ ብቻ ትሆንበታለች። «ትናንት የተጣላህ ጓደኛህ ዛሬ አናገረህ?» ብትለው ሌላ ነው። ትናንት የነገራትን ይዛለታለች ማለት ነው፤ ልጅ ደግሞ ይህን ይቆጥራል። «ለዒድ እመጣለሁ»፣ «ለገና እመጣለሁ» እያሉ መቅረትም ይጎዳል። ቀኑ ካልታወቀ አልታወቀም ይባል። አያቱን «እማ» ቢላት ደግሞ አትቀየሚ፤ ሁለት እናት ያለው ልጅ አንዷን አይሰርዝም። አያቶችም «እናትህ ትምጣ፣ እነግርልሃለሁ» ማለቱን ይተዉት። ልጁ የናፈቃትን ሰው ለምን ማስፈራሪያ ያደርጉበታል?

ሦስተኛው፣ እንጀራ አባት ገና እንደገባ «አባዬ በለው» ማለትና ቅጣቱን ለሱ መስጠት። መቀራረብ ይቅደም፤ እስከዚያ ተግሳጹ በእናት እጅ ይቆይ። ልጁ «አሳልፋ ሰጠችኝ» እንዳይል።

አራተኛው የተፋቱ ሰዎች ነው። «አባትህን ቀለቡን ላክ በለው» ተብሎ የተላከ ልጅ መሃል ላይ ይቀራል። ቡና ላይም የአባቱ ጉድ ሲነሳ እሱ እዚያው ፈንዲሻ እያደለ ነው። አይሰማም ብለን ነው? ጎረቤቱ ከሄደ በኋላ አባቱን መውደዱን ከእናቱ መደበቅ ይጀምራል።

እናትና አባት አብረው ያሉበት ቤትም «እኛን አይመለከተንም» ብሎ አይኩራራ። «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!» የምትል እናት ሥልጣኗን በገዛ እጇ እየሰጠች ነው። ሌሊት እየተነሳች እሳት የምታነድ፣ ደብተሩንም የምታይለት እሷ ሆና ሳለ፣ በዚያ ቤት ቃሏ የማይፈራ እሷ ትሆናለች።