ዝንቧ ውሃ ላይ ከተፈታችባችሁ

ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥመን የምንሠራት የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ጠረጴዛ ላይ ስትታይ ታምራለች። ጉዷ የሚወጣው ውሃ ላይ ነው። እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ ሠርቼ፣ ሐይቅ ድረስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ገና ሦስተኛው ውርወራ ላይ ባዶ መንጠቆ ስቤ አውጥቻለሁ። አብሽሩ፣ መፍትሄ አለው።

ጭንቅላቷ ይፈታል፦ ሁሉም ማጣበቂያውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የቋጠሮው ነው። ተራ ቋጠሮ ላይ የጥፍር ቀለም ብትደፉበትም ይለቃል። ይልቅ ሌላ አጭር ክር ለሁለት አጥፋችሁ፣ እጥፉን ወደ መንጠቆው ቀዳዳ አዙራችሁ ጭንቅላቱ ላይ አስተኙት። ዋናውን ክር በላዩ አምስት ዙር ወደ ቀዳዳው ጠምጥሙ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ በእጥፉ ውስጥ አሳልፉት፣ ከዚያ የአጭሩን ክር ሁለት ጫፎች ወደ ኋላ ስትስቡ የዋናው ክር ጫፍ ከዙሮቹ ሥር ገብቶ ይቀበራል። አለቀ። የተረፈውን ከሥሩ ቁረጡ። ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቀለሙ ነጭ ይሆናል፦ ይቺ የደሴ በሽታ ናት። ጉም ባለበት ቀን እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፍና ያነጣዋል። ፀሐይ ያለበትን ሰዓት ጠብቁ፣ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ። ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታደርቁት፣ ትነቱ እሳት ይይዛል። ኮምቦልቻ ያላችሁ የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ በሙቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይወፍርባችኋል፣ ጠብታ አሴቶን ጨምሩበት።

ቀዳዳው ተደፈነ፦ ጥምጥሙ በጣም ወደ ፊት ሄዷል። ከመጀመሪያው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ለዛሬዋ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ላባ በቀዳዳው አሳልፋችሁ ሳቡት፣ ጠርጎት ይወጣል።

ላባው ተኝቶ ይቀራል፦ ሥሩ ላይ ያለውን ለስላሳ ፀጉር መሰል ነገር ሳታነሱ አስራችሁታል፣ ወይም የሴት ዶሮ ላባ ነው። የሴቷ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ለምትሰምጥ ዝንብ ይሁን። ለምትንሳፈፈዋ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ፈልጉ። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ሳይነከር ቀድማችሁ ንጩ። እናቴ አሁን ለምዳዋለች፣ መጀመሪያ ግን አብደሃል ብላኝ ነበር።

ሰውነቷ መንጠቆው ላይ ይሽከረከራል፦ ብረቱ ልሙጥ ነው። ክሩን ሰም አስነክታችሁ መጀመሪያ ብረቱን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አልብሱት። ሰውነቷን የምትሠሩበትን የበግ ጸጉር ባዘቶም ይበቃል ካላችሁት ግማሹን ብቻ ውሰዱ። የቆሮሶ ዓሣ አፍ ትንሽ ነው፣ ወፍራም ዝንብ አይጎርስም።

ክሩ ሳይጠበቅ ይበጠሳል፦ አብዛኛውን ጊዜ የመንጠቆው ሹል ነክቶት ነው። መንጠቆውን ሞርሳው (አንቆ የሚይዘው መሣሪያ) ላይ ስታስሩ ሹሉን ውስጥ ደብቁት።